የአባቴ ቆዳ የጠቆረው ብረት ተጠራቅሞበት ነው ወይ?

ጥያቄው፦ «አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል በሳምንት ሁለቴ የኩላሊት እጥበት ሲያደርጉ። ፊታቸውና እጃቸው በጣም ጠቁሯል። ማታ ማታ እስኪደሙ ያካሉ። አሁን ደግሞ ለወገባቸው ኤም አር አይ በኮንትራስት ታዘዘላቸው፤ ካሁን በፊት ተነስተው አያውቁም። ጎረቤታችን ‹ኩላሊቱ በማይሠራ ሰው ላይ ብረት ቆዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ድንጋይ ያደርገዋል› ብላ አስደነገጠችን። ቤት የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ባልዲውን ያቀላዋል። አይረን በመርፌ ይወስዳሉ። እናቴ ለጥቁረቱ ብላ ክሬም ገዝታላቸዋለች። ይሄ ሁሉ ይገናኛል?»

እህቴ፣ ጎረቤታችሁ የነገረቻችሁ ከሜዳ የተነሳ ወሬ አይደለም። በደንብ የሚታወቅ ችግር ነው። የአባትሽ ጥቁረት ግን ከእሱ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም። አባትሽን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ የምጽፈው ከነገርሽን ተነስቼ ነው። ከዚያ ብቻ ተነስቶም ግን ብዙ መናገር ይቻላል።

መጀመሪያ አጭሩን ልበልሽ። ኤም አር አዩን መነሳት ይችላሉ፣ ግን ቀድሞ የሚጠየቅ ነገር አለ። አይረኑን እንዳታስቆሙ። የጉድጓዱ ውሃ እዚህ ታሪክ ውስጥ ትንሽ ድርሻ ነው ያለው። ክሬሙን ግን ዛሬውኑ አስቀምጡት።

ከጥቁረቱ እንጀምር። ኩላሊት ከደም ከሚያስወግዳቸው ነገሮች አንዱ ቆዳ ቀለም እንዲያመርት የሚያዝ ሆርሞን ነው። ኩላሊት ሲደክም ይህ ሆርሞን ደም ውስጥ ይቆያል። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ደግሞ ትእዛዙን ቶሎ ይሰማል። ሽንትን ቢጫ የሚያደርገው ቀለምም መውጫ ሲያጣ ቆዳ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ የደም ማነስ ሲጨመር መልኩ አመድማ ይሆናል። የአባትሽን የእጅ ጀርባ ከክንዳቸው ውስጠኛ ጎን ጋር አስተያዪው። ጀርባው በጣም ጠቁሮ ውስጡ እንደ ድሮው ከሆነ የሆርሞኑና የፀሐይ ሥራ ነው ማለት ነው። እጥበት ላይ ካሉ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ያዩታል። አያምም፣ አይጎዳም። ስለዚህ ሰፋ ያለ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይበቃል።

ማሳከኩ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ቆዳ ይደርቃል፣ ፎስፈረስ ደም ውስጥ ይበዛል፣ ነርቭም ይቆጣል። እጥበቱ ሲያንስም ይብሳል። የተለመደው መጠን በሳምንት ሦስቴ ነው። ሁለቴ የሚሆነው ሐኪሙ ስለመረጠ ሳይሆን ኪስ ስለማይችል እንደሆነ አውቃለሁ። ከኮዬ ፈጬ መሃል ከተማ ድረስ ያለው መንገድም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቢያንስ የተመደበላቸውን ሰዓት ሳያሳጥሩ ይጨርሱ። «ደክሞኛል፣ ንቀሉኝ» ብለው ግማሽ ሰዓት የሚቀንሱ አባቶች ብዙ ናቸው፤ ማታ የሚያኩትም እነሱ ናቸው። ገላቸውን ታጥበው ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ይቀቡ። ፎስፈረስ የሚይዘውን ክኒን ከምግብ ጋር ይዋጡ፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ የሚይዘው ነገር የለም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻላቸው ጋባፔንቲን የሚባል መድኃኒት በትንሽ መጠን ከእጥበት በኋላ ይታዘዛል። ለሌላ ሰው የታዘዘውን እንዳትሰጧቸው። ለጤነኛ ሰው የሚሆነው መጠን የእጥበት ታካሚን ያፈዛል፣ ይጥላልም።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ወሬ። ብረቱ ጋዶሊኒየም ይባላል። ኤም አር አይ ሲነሱ ምስሉ እንዲጠራ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት፣ ማለትም ኮንትራስቱ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ነገሩ መታየት የጀመረው በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ኩላሊታቸው የማይሠራ ሰዎች የእግራቸው ቆዳ መወፈርና መጠንከር ጀመረ። በ2000 ራሱን የቻለ አዲስ በሽታ ነው ተብሎ ተጻፈ። ከየት እንደመጣ ግን ማንም አላወቀም። በ2006 ቶማስ ግሮብነር የሚባል ኦስትሪያዊ የኩላሊት ሐኪም ነገሩን አገናኘው። ጋዶሊኒየም ወስደው ከተነሱ ዘጠኝ ታካሚዎቹ አምስቱን ይኸው ቆዳ ይዟቸው ነበር። በዚያው ዓመት ከዴንማርክ የ13 ታካሚዎች ተመሳሳይ ታሪክ ወጣ። ቆይቶም የታማሚዎች የቆዳ ናሙና ሲመረመር ብረቱ እዚያው ተገኘ።

ይህ ቆዳ ምን እንደሚመስል ማወቁ ይጠቅምሻል። ብዙ ጊዜ ከቅልጥምና ከቁርጭምጭሚት ይጀምራል። ወደ ጭን ይወጣል፣ ከዚያ ክንድ ይይዛል። ፊትን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ቆዳው በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ቢሞከር አይነሳም። ወለሉ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፣ ጠርዙ የተለየ ጠቆር ያለ ሰሌዳ ይሠራል። ሲብስ ጉልበትና ክርን አልታጠፍ ይላል። አንዳንዶች ላይ የዓይን ነጩ ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ነው በብዛት የሚመጣው፤ ዓመታት ቆይቶ የመጣበትም አለ። አባትሽ ኤም አር አይ ተነስተው አያውቁም። የጠቆረው ደግሞ ፊታቸው ነው። ሁለቱም ነገር ከዚህ በሽታ ያርቃቸዋል።

ለምን ኩላሊታቸው የማይሠራ ሰዎችን ብቻ መረጠ? ጋዶሊኒየም ብቻውን መርዝ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በሌላ ሞለኪውል ጠቅልሎ ነው የሚያቀርበው። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው ውስጥ ግማሹ በሁለት ሰዓት ገደማ በሽንት ይወጣል። ኩላሊት ከሌለ ይኸው ግማሽ ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያን ያህል ሰዓት ሰውነት ውስጥ ሲዞር መጠቅለያው ይፈተናል። የአንዳንዶቹ መድኃኒቶች መጠቅለያ ትከሻ ላይ ጣል እንደተደረገ ነጠላ ነው፤ ትንሽ ነገር ሲነካው ይገፈፋል። የሌሎቹ ግን ብረቱን ዙሪያውን ቆልፎ ይይዘዋል። መጠቅለያው ሲገፈፍ ብረቱ ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ ቆዳ ውስጥ ይቀመጣል። ሰውነት እሱን ለማጠር ሲል ጠባሳ ይሠራል።

እዚህ ላይ ስሞቹን ጻፊያቸው። መራቅ ያለባችሁ ጋዶዲያማይድ፣ ጋዶፐንቴቴት እና ጋዶቨርሴታማይድ ከሚባሉት ነው። የሚሻሉት ጋዶቡትሮል፣ ጋዶቴሬት እና ጋዶቴሪዶል ናቸው። ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2007 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ፣ ሐኪሞችም መድኃኒቱን ቀየሩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ታካሚ ማየት ብርቅ ሆኗል። በ2020 የወጣ ግምገማ ኩላሊታቸው ክፉኛ የደከመ 4,931 ሰዎችን ሰብስቦ አይቷል። ሁሉም የሚሻሉትን ዓይነት የወሰዱ ናቸው። በዚህ በሽታ የተያዘ አንድም አልተገኘም።

ስለዚህ ቀጠሮው ሳይደርስ ያዘዘላቸውን ሐኪም ጠይቂ፦ ኮንትራስቱ የግድ ነው ወይ? ለወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ ያለ ኮንትራስት መነሳት ይበቃል። ኢንፌክሽን ወይም እጢ ከተጠረጠረ ግን ያስፈልጋል፤ ያኔ ፈርታችሁ አትቅሩ፤ የአከርካሪ ኢንፌክሽን በጊዜው ካልታወቀ እግር ያሽመደምዳል። የግድ ከሆነ የመድኃኒቱን ስም ከጠርሙሱ ላይ አንብቢ። አንዳንድ ቦታ «ኮንትራስቱን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ኑ» ይባላል፤ እንዲያውም ያኔ ዕድሉ በእጃችሁ ነው። ምርመራውን ከእጥበቱ ቀን ጋር አጋጥሙት። ጠዋት ኤም አር አይ፣ ከሰዓት እጥበት። አንድ ዙር እጥበት አብዛኛውን ጠርጎ ያወጣል፣ ከሦስት ዙር በኋላ ከ95 በመቶ በላይ ይሄዳል። እጥበቱ በሽታውን ሙሉ በሙሉ ይከላከላል ተብሎ አልተረጋገጠም። ቢሆንም በማጋጠሙ የሚጎዳ ነገር የለም። የመድኃኒቱ ስምና መጠንም ውጤቱ ላይ ይጻፍላችሁ። ሲቲ ስካን ላይ የሚሰጠው ኮንትራስት ግን አዮዲን ነው፣ ከዚህ ወሬ ጋር አይቀላቀልም።

ከጋዶሊኒየም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማንም የማይጠይቀው ነገር ነው፦ የእጥበቱ ውሃ። ጤነኛ ሰው በሳምንት ቢበዛ 14 ሊትር ያህል ይጠጣል። ያውም በአንጀት አልፎ፣ ተመርጦ ነው ደም የሚገባው። አባትሽ በአንድ ዙር የአራት ሰዓት እጥበት ወደ 120 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ደማቸው አጠገብ ያልፋል። መሃል ያለው በጣም ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ውሃው ውስጥ አሉሚኒየም ካለ ደም ውስጥ ገባ ማለት ነው። እዚያ ከፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ማሽኑ መልሶ አያወጣውም።

በ1970ዎቹ ይህ በደንብ ታይቷል። ታካሚዎች ንግግራቸው ይንተባተባል፣ ጡንቻቸው ይዘላል፣ ይረሳሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። አጥንታቸው ሳይወድቁ ይሰበራል። ቆይቶ ምክንያቱ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። በ1996 ኩራሳዎ ደሴት ላይ ደግሞ ለአንድ የእጥበት ማዕከል አዲስ የውሃ መስመር ተዘረጋ። ቧንቧው ውስጡ በሲሚንቶ የተለበጠ ነበር። ከሲሚንቶው የወጣው አሉሚኒየም 10 ታካሚዎችን ገደለ።

እኛ ጋ ነገሩ ቅርብ ነው። እንደ ለገዳዲ ያለ የግድብ ውሃ ሲጣራ ጭቃው እንዲዘቅጥ የአሉሚኒየም ጨው ይጨመርበታል። ለመጠጥ የሚያሰጋ አይደለም፤ ለእጥበት ግን ሌላ ደረጃ ማጣሪያ ይፈልጋል። ከተማው ዳር ያለ ማዕከል ውሃ ሲጠፋበት ቦቴ ያስመጣል። ትናንት የግድብ ውሃ ነበር፣ ዛሬ የጉድጓድ ነው፣ ነገ ምን እንደሆነ የቦቴው ሹፌር ነው የሚያውቀው። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ከማሽኖቹ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። የካርቦን ታንክ፣ ጨው የሚሞላበት ማለስለሻ፣ ከዚያ አር ኦ የሚባለው ማጣሪያ። ከማጣሪያው ወዲህ ያለው ቧንቧ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። የተጣራ ውሃ ያገኘውን ብረት ይበላል። ቧንቧው መዳብ ከሆነ መዳቡን፣ ጋልቫናይዝድ ከሆነ ዚንኩን ይዞ ይመጣል።

በሚቀጥለው ሄደሽ ስታስጠብቂያቸው ቴክኒሺያኑን በትህትና ጠይቂው። «ውሃው ለመጨረሻ ጊዜ ላቦራቶሪ የተላከው መቼ ነው? አሉሚኒየሙ ስንት መጣ?» በይው። ገደቡ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ጎበዝ ቴክኒሺያን ወረቀቱን አውጥቶ ያሳይሻል፣ ደስም ይለዋል። የሚቆጣሽ ካለ ያም ራሱ መልስ ነው።

የቤታችሁ ውሃ ባልዲውን የሚያቀላው በአይረን ነው። ልብስ ያበላሻል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። ከአንጀት የሚገባው ግን ትንሽ ነው። ገላ ቢታጠቡበትም ቆዳ ውስጥ አይሰርግም። ስለ ሌላው ይዘቱ መጨነቅ ከፈለጋችሁ አስመርምሩት፤ ለጥቁረቱ ግን አትክሰሱት። ድስትን በተመለከተ፣ ቲማቲምና ሎሚ የሚገባበትን ወጥ በአሉሚኒየም ድስት ባትሠሩ ጥሩ ነው። ከቁርጥራጭ ቀልጦ የሚሠራው ድስት እርሳስም ሊኖርበት ስለሚችል የማይዝገውን ብትገዙ እመርጣለሁ። በአቃቂ ወንዝ የሚለማ ጎመንና ቆስጣ ላይ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ እንደተገኘ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። አባትሽ በፖታሲየም ምክንያት ቅጠላ ቅጠል መቀነሳቸው አይቀርም። ከእሳቸው ይልቅ ይህ የሚመለከተው ኩላሊታችሁ ገና ጤነኛ የሆነውን እናንተን ነው። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ አሥርተ ዓመታት ይቆያል።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። አባትሽ ጨጓራ አለባቸው? ነጩን የጨጓራ ሽሮፕ ይጠጣሉ? ከእነዚህ ብዙዎቹ ውስጥ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም አለ። ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ግን ሁለቱንም ያጠራቅማል። የሎሚ አሲድ ደግሞ የአሉሚኒየሙን መግባት በጣም ይጨምራል። ስለዚህ ሽሮፑን ጠጥተው በላዩ ሎሚ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ሲጣል የሚንፈቀፈቀውን ቪታሚን ሲ ከጨመሩበት ባሰ። ለጨጓራቸው ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አለው።

አይረኑ ላይ ሰው የሚፈራው በተቃራኒው ነው። አይረን በኩላሊት የሚወጣ ነገር አይደለም። ሰውነት በቀን የሚያጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ቢሆን ነው። የሚበዛው ከሚገባው ተሰጥቶ ሲያልፍ ነው። ድሮ፣ ደም የሚያመርተው መርፌ ሳይመጣ፣ ታካሚዎች ደም በላይ በላይ ይወስዱ ነበር። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም አይረን አለው። ያኔ ቆዳቸው ግራጫ የሚሆን ሰዎች በእርግጥ ነበሩ። ዛሬም መርፌውን መግዛት አቅቶት በየወሩ ደም የሚወስድ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። አባትሽ ግን በየዙሩ ማሽኑ ውስጥ ደም ይቀርባቸዋል፤ አይረኑ ያንን ይተካል። በ2019 የታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት ከሁለት ሺህ በላይ የእጥበት ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። በመርፌ በደንብ የተሰጣቸው ሰዎች በቁጠባ ከተሰጣቸው የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። እነዚያም ቢሆኑ በየወሩ እየተመረመሩ ፌሪቲናቸው (ሰውነት ያከማቸውን አይረን የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ700 ሲያልፍ ይቆምላቸው ነበር። እናንተም ፌሪቲኑ በቅርቡ መታየቱን ብቻ ጠይቁ።

ክሬሙ። እናትሽ በፍቅር ነው የገዙት፣ አትቆጫቸው። ግን ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ውስጥ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ሜርኩሪ ቆዳ ቀለም እንዳያመርት ይከለክላል፤ የሚያነጣውም በዚህ ነው። በቆዳ ይገባና ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል። ጤነኛ ኩላሊት ያላቸው ወጣት ሴቶች ፊታቸውን ቀብተው ፕሮቲን በሽንት እየፈሰሰባቸው፣ ዓይናቸው አብጦ የሚመጡበት በሽታ ነው። ስለ ሜርኩሪ የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም እንዲህ ያለውን ክሬም ከገበያ ለማውጣት 2020ን ቀነ ገደብ አድርጎ ነበር። ገበያ ላይ ግን አሁንም አለ። ካርቶኑን ገልብጪው። የይዘት ዝርዝር ከሌለው፣ ወይም ካሎሜል የሚል ቃል ካለው፣ ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ ያርቁ» ካለ ጣሉት። ሲጣልም በፕላስቲክ አስሩት፤ ፎጣውንም እጠቡ። እናትሽ ራሳቸው ቀብተውት ከሆነ የሽንት ምርመራ ያድርጉ።

«ብረት ከሰውነት የሚያጥብ» ሻይና ጭማቂ የሚሸጥላችሁ ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን ለአንድ ተጨማሪ እጥበት አስቀምጡት። ብረት የሚያወጣ እውነተኛ መድኃኒት አለ። እሱም በሐኪም እጅ፣ በምርመራ የተረጋገጠ አሉሚኒየም ወይም አይረን ሲበዛ ብቻ ይሰጣል። እጥበት ላይ ያለን ሰው ለከባድ የፈንገስ ኢንፌክሽን ሊያጋልጥ ይችላል።

በመጨረሻ ግን ሳትዘገዩ መሮጥ ያለባችሁ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ካልሲየምም በኬሚስትሪ ብረት ነው፣ እሱም በቆዳ ውስጥ ባሉ ትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ይህ ብዙ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን አደገኛ ነው። ጭናቸው፣ ሆዳቸው ወይም መቀመጫቸው ላይ መረብ የሚመስል ወይን ጠጅ ቀለም ታያላችሁ። ከሚታየው በላይ ያማል፤ ልብስ ሲነካው ያስጮኻል። በቀናት ውስጥ መሃሉ ጠቁሮ ይቆስላል። ይህን ካያችሁ የሚቀጥለውን ዙር አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ኩላሊት ሐኪማቸው ውሰዷቸው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ በር ላይ ገና መጀመሪያ የምትነግሯቸው እሱን ነው። የካልሲየም ክኒንና ቪታሚን ዲ የሚውጡም ከሆነ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ።